በጾም የተበላው የቁም ተዝካሬ

ሰው ስለ መቀመጫው መጻፍ የለበትም ብዬ የማምን ሰው ነበርኩ። ልጆቼን ያሳደግኩት ገበታ ላይ «ሆዴን አመመኝ» ማለት በማይፈቀድበት ቤት ነው። ሆዱን ያመመው ተነሥቶ ይወጣል እንጂ አያውጅም። ሕጉን ያወጣሁት እኔው ስለሆንኩ የምሽረውም እኔው ነኝ። የምጽፈው ስለ ደንዳኔዬ መጨረሻ፣ ቦታውን ስላልያዘ አንድ ኩላሊቴ፣ በሕይወት ሳለሁ ስለተበላው ተዝካሬም ነው። የሚያፍር አንባቢ ካለ እዚህ ላይ ያቁም። አልቀየመውም፤ እኔም አንድ ዓመት ሙሉ አፍሬ ልሞት ነበር።

የምኖረው ከላሊበላ ከተማ በእግር ሁለት ሰዓት በሚያስኬድ ቀበሌ ነው። ገብስና ባቄላ አርሳለሁ። ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም። ፊደል የቆጠርኩት ቄስ ዘንድ ጥቂት ወራት ነው፤ የቀረውን ስኳር ከተጠቀለለበት ጋዜጣ፣ ከመድኃኒት ወረቀት፣ በኋላም ልጆቼ ከጨረሱት መጽሐፍ ለቅሜዋለሁ። ራሱን በራሱ ያስተማረ ሰው አንድ ክፉ አመል አለው፤ ያነበበውን ሁሉ ሕግ ያደርገዋል። ሰው ሲጣላ ሽማግሌ ሆኜ እቀመጣለሁ። ሳይጣላም ሳይጠሩኝ ሄጄ እመክራለሁ።

ደሙን መጀመሪያ ያየሁት መጸዳጃ ቤት ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ልጆች በየቤቱ ጉድጓድ ሲያስቆፍሩ ቀድሜ የቆፈርኩ እኔ ነበርኩ፤ ያልቆፈረውን ጎረቤት ያሳጣሁም እኔ። ጉድጓዱ ጥልቅና ጨለማ ነው፤ የገባው አይታይም። ያስቆፈሩን ለጤና ነበር፤ እኔ ግን በሽታ ደበቅኩበት።

ኮሶ ነው አልኩና ኮሶ ጠጣሁ። አንጀቴን አጥቦ ጨረሰኝ እንጂ ደሙን አላቆመውም። ቀጥሎ ኪንታሮት ነው አልኩና አንድ መድኃኒት ቀማሚ የሰጠኝን ዱቄት ቀባሁ። እሳት ነበር። ሦስት ቀን ቆሜ በላሁ። እየከሳሁ ስሄድ ሰው «ምነው ከሳህ?» ሲለኝ «ጾሙ ነው» እል ነበር። መዋሸቱ ሳያንሰኝ ውሸቱን ቅድስና ቀባሁት። አንዳንድ እናቶችማ ለልጆቻቸው በጣት ያሳዩኝ ጀመር፤ «እንዲህ ነው ጾም» እያሉ። ደስ ይለኝ ነበር። እውነቱን ልናገር ብዬ ከተነሣሁ ይህንንም መናገር አለብኝ።

ያጋለጠችኝ ልጄ ናት። ከተማ ነርስ ናት፤ በአሥራ አምስት ቀን አንዴ ትመጣለች። አንድ እሑድ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ሳለሁ ትክ ብላ አየችኝ።

«አባዬ፣ ለምን በአንድ ጎንዎ ይቀመጣሉ?»

«የበርጩማው እግር ነው።»

ተነሥታ የራሷን ሰጠችኝ። እንደገና በአንድ ጎኔ ተቀመጥኩ።

«ይሄኛውስ?»

«ይሄም ያው ነው።»

«እዚህ ቤት የታመመው በርጩማው ሁሉ ነው ማለት ነው?» አለችና ወደ እናቷ ዞረች።

ባለቤቴ ምጣድ የምታሰስበትን ጨርቅ አስቀመጠች። እሷ «አንተ» የምትለኝ ስትናደድ ብቻ ነው። «አንተ፣ ልብስህን ሌላ ሰው የሚያጥብልህ መሰለህ?» አለችኝ። ለካ ዓመቱን ሙሉ ታውቅ ኖሯል፤ የምትጠብቀው እንድነግራት ነበር። እኔም የምጠብቀው እንዳታውቅ ነበር። እንዲህ እየተጠባበቅን ኖርን።

ልጄ ከዚያ በኋላ አላስተነፈሰችኝም። መንገዱ አንድ ሳምንት ይከፈታል፣ አንድ ሳምንት ይዘጋል፤ በተከፈተው ሳምንት ይዛኝ አዲስ አበባ ገባች። ጫፉ ላይ ካሜራ ባለው ዘንግ አዩኝ። የላሊበላ ሰው ነኝና ፎቶ የሚያነሣ እንግዳ ስንቱን አይቻለሁ፤ እዚህ ድረስ ገብቶ ያነሣ ግን አላየሁም። ቁራጭ ወሰዱ፤ መረመሩት፤ ካንሰር ነው አሉ። ሌላ ቀን ደግሞ እንደ በርሜል ባለ መሣሪያ ውስጥ አስተኝተው ሆዴን ሁሉ አነሡት።

ቀዶ ጥገና የምታደርገው ሐኪም የልጄ እኩያ ናት። ምስሉን ኮምፒውተር ላይ ከፍታ ወንበሬን አስጠጋችልኝ።

«አባት፣ ካንሰሩ ይሄ ነው። ከመውጫው በር አጠገብ።»

«እሺ።»

«ይሄ ደግሞ የግራ ኩላሊትዎ።»

«ኩላሊት ወገብ ላይ አይደለም እንዴ?»

«የሰው ወገብ ላይ ነው። የእርስዎ ግን በእናትዎ ሆድ ሳሉ ወደ ላይ መውጣት ሲገባው ዳሌዎ ውስጥ ቀርቷል። እስከ ዛሬ ማንም አልነገርዎትም?»

«ማን ገብቶ አይቶት?»

ልጄ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ ትከሻዋ ይነቀነቃል። የሳቀችበት ምክንያት ገብቶኛል። ስድስት ልጆች ያሳደግኩት «ቦታህን እወቅ፣ ቦታሽን እወቂ» እያልኩ ነው። የገዛ ኩላሊቴ ቦታውን ሳያውቅ ስድሳ ምናምን ዓመት ኖሯል።

ሐኪሟ ግን አልሳቀችም። እንዲህ ያለ ካንሰር ብዙውን ጊዜ ከመቁረጥ በፊት በጨረር ይመታል አለችኝ። እኔን ጨረር ቢመቱኝ አጠገቡ የተቀመጠው ኩላሊት አብሮ ይቃጠላል፤ የቀኙ ደግሞ ብቻውን እንዲሸከም የሚያስገድዱት ዓይነት ብርቱ አይደለም። ስለዚህ ያለ ጨረር መቁረጥ ነው። እሱም ቢሆን ቀላል አይደለም። የግራው ኩላሊት ደም ሥሮች ከማይጠበቅ አቅጣጫ ነው የሚመጡት፤ የሽንት ቧንቧውም የሚቆረጠውን ነገር ታክኮ ያልፋል። እኔ እንደገባኝ፣ የሚፈርሰው ቤትና የማይነካው ቤት አንድ ግድግዳ ይጋራሉ። «ከኩላሊት ሐኪሞች ጋር መምከር አለብኝ» ብላ ለሦስት ሳምንት ቀጠረችኝ።

ከዚያ የመጨረሻውን ነገረችኝ። ካንሰሩ በሩን ስለነካ በሩ አይተርፍም፤ ተሰፍቶ ይዘጋል። ከዚያ ወዲያ ሰገራዬ የሚወጣው በሆዴ በኩል፣ ቆዳዬ ላይ ወደሚለጠፍ ከረጢት ነው።

«እስከ መቼ?»

«እስከ ዕድሜ ልክ።»

ሞትን አልፈራም ብዬ እፎክር ነበር፤ ያን ጊዜም አልፈራሁም። ያሰብኩት ቤተ ክርስቲያኑን ነው። በወንዶች በር ተገብቶ በስተቀኝ ሦስተኛው ዓምድ አጠገብ እቆማለሁ፤ አባቴም እዚያ ይቆም ነበር። ሰገራ በከረጢት አንጠልጥሎ እዚያ የሚቆም ሰው ቢመጣ ቀድሜ የማስወጣው እኔ ነኝ። ከውጭ ቆሜ ከመኖርማ ከውስጥ ቆሜ የኖርኩ ተብዬ ልሙት አልኩ። ይህን ለማንም አልተናገርኩም። የተናገርኩት ሌላ ነው።

ስንመለስ ጋሸና ላይ ምሳ ልንበላ ወረድን። የሰኔ ጾም ገብቶ ነበርና ሽሮ አዘዝን።

«የቁም ተዝካሬን ሳላወጣ ቢላዋ ሥር አልተኛም» አልኳት ለልጄ። በእኛ አገር ልጅ የሌለው ወይም በልጆቹ የማይተማመን ሰው በሕይወቱ ሳለ ተዝካሩን ደግሶ ያበላል። እኔ ስድስት ልጅ አለኝ። እንዳልገባት ሆና ሽሮዋን ጠቀለለች።

«ይሁን። መቼ?»

«በጾም በሬ አይታረድ። ጾሙ ሲፈታ ነው።»

«ቀጠሮዎ ጾሙ ሳይፈታ ነው።»

«ታዲያ ቀጠሮው ይቆየና።»

«አባዬ፣ ካንሰሩም ይጾማል እንዴ?»

አጠገባችን የሚበላ የጭነት መኪና ሾፌር ሳቅ አነቀው። እኔ አልሳቅኩም። ልጄ እጇን ታጠበች፣ ስልኳን አወጣች፣ ለእናቷ ደወለች። «እማዬ፣ ጠላ ጠንስሺ። የአባዬን ተዝካር በሚመጣው ሁለተኛ እሑድ በጾም ምግብ እናወጣለን። አዎ፣ የአባዬን። አይ፣ አልሞቱም፤ እዚህ ሽሮ እየበሉ ነው» አለችና ዘጋች። አሳዳጊው እኔ ነኝ፤ ማንን ልክሰስ?

በሁለተኛው እሑድ ዳሱ ተጣለ። ክክ ወጥ፣ ሽሮ፣ ድንች፣ ጎመን፣ ጠላ። ካህናቱ ጸሎት አደረሱ። በሬ የጠበቀ ሰው ሁሉ ክክ ሲያይ ፊቱን አጨማደደ፤ የበላውን ግን በደንብ በላ። አንድ ሽማግሌ እጁን እየላሰ «ነፍስህን ይማር» ካለኝ በኋላ ዓይኔን ሲያይ «ማለቴ... ያቆይህ» አለኝ።

በልማዱ ባለ ተዝካሩ ተነሥቶ ይቅርታ ይጠይቃል። ሕዝቡ በአንድ ቃል «እግዜር ይቅር ይበልህ» ይላል፤ ሰውየውም ይቀመጣል። ከዚያ ያለፈ ሲሆን አይቼ አላውቅም። ተነሣሁ።

«እንግዲህ መሄዴ ነው። መመለሴን እሱ ያውቃል። የበደልኩት ሰው ካለ ይቅር ይበለኝ።»

መልሱን ስጠብቅ አንድ ሰው ከኋላ ተነሣ። አጥር የምንጋራ ጎረቤቴ ነው፤ ባለ ትዳር፣ የልጆች አባት፣ በአደባባይ መናገር የማይወድ ሰው።

«አያ፣ እኔ አለኝ።»

«ምን አለህ?»

«ይቅር የምልዎት።»

የነፍስ አባቴ ጉርሻቸውን መሶቡ ላይ መለሱት።

«አባቴ ሽንቱን በቱቦ የሚያወጣ ጊዜ» አለ፣ «ለቅዳሴ ሲመጣ ከበሩ ላይ ያስቆሙት አንቱ ነዎት። ‹ላስቲክህን ይዘህ አትገባም› አሉት። አልተከራከረዎትም። ሁለት ዓመት ከግቢው ውጭ፣ ከግራሩ ሥር ቆሞ አስቀደሰ። ክረምቱንም። እንዲሁ እንደቆመ ሞተ። ይቅር ልበልዎት ብዬ ነው የመጣሁ፤ ግን ሳልነግርዎት አልወጣልኝም። አሁን እግዜር ይቅር ይበልዎት።»

ተቀመጠና ጠላውን አነሣ።

«ሕጉ ነው» ልል አፌን ከፍቼ ነበር። የየትኛው መጽሐፍ ሕግ እንደሆነ ግን አልመጣልኝም። እውነቱ ይሄ ነው፤ የት እንዳነበብኩት አላውቅም፤ ማንንም አልጠየቅኩም። ሰውየው ላስቲኩን በነጠላ ሸፍኖ ሲመጣ አየሁት፣ ቀፈፈኝ፣ መቅፈፉን ሕግ አደረግኩት።

ገና ሳልቀመጥ አንዲት ሴት ተነሣች። በሠርጓ ቀን «ዘፈኑ ብልግና ነው» ብዬ ከበሮውን ነጥቄ አጥር ላይ ሰቅዬው ኖሮ፣ ያለ ከበሮ መዳሯን ተናገረች። ቀጥሎ አንድ ጎልማሳ፤ ልጅ ሳለ በሬዎቹ እርሻዬ ገቡ ብዬ ከሕዝብ ፊት ያልኩትን ቃል በቃል ደገመልኝ። ሁሉም ንግግሩን «እግዜር ይቅር ይበልዎት» ብሎ ይጨርሳል፤ ይቀመጣል፤ ይጠጣል። ሰው የምትሞት ከመሰለው እውነቱን ይነግርሃል። እኔ ስሞት የሚያለቅስልኝ የመሰለኝ ሕዝብ ተራ ይዞ ነበር።

በመጨረሻ ከጓዳ በር ባለቤቴ ብቅ አለች። «እኔስ ተራ አለኝ?»

«አንቺማ የቤት ሰው ነሽ፤ ኋላ ትነግሪዋለሽ» አሉ የነፍስ አባቴ፤ «የኛ ወጥ እየቀዘቀዘ ነው።» ዳሱ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅኩ፤ ሳቄ ግን ከጥርስ አላለፈም።

ሰው ተበትኖ ድስት ሲታጠብ ልጄ «ማክሰኞ እንነሣለን» አለችኝ።

«ባልሄድስ?»

«ተዝካርዎ ተበላ እኮ። አሁን እዚህ ምን ይሠራሉ?» አለችና ድስቱን አስቀመጠች። «አባዬ፣ መሞቱን እንዳልፈሩ አውቃለሁ። ከረጢቱን ነው የፈሩት።»

እውነቷን ነበር። የጎረቤቴ አባት ግን ከፊቴ አልሄድ አለ። እሱ ሁለት ክረምት ዝናብ ላይ ቆሞ አስቀደሰ፤ አንድም እሑድ አልቀረም። እኔ አንዱን ክረምት ሳልሞክር መሞትን መርጬ ነበር። ጾም አዋቂው፣ ትዕግሥት አስተማሪው እኔ። ማክሰኞ ተነሣን።

ከቀዶ ጥገናው በፊት በሆዴ ምንም እንዳይቀር የሚጠጣ ነገር ሰጡኝ። ኮሶ የጠጣ ሰው ይሄን አይፈራም ብዬ ለነርሷ ፎከርኩ። በሁለተኛው ብርጭቆ ፉከራዬን አነሣሁ። ሲነጋ ወሰዱኝ፤ ስነቃ ፀሐይ ወደ ማዘቅዘቂያው ነበረች። ሐኪሟ ዓይኗ ደክሞ አጠገቤ ቆማ ነበር። በሽንት ቧንቧዬ ውስጥ ቀጭን ዘንግ አስገብተው፣ ቧንቧው የት እንዳለ በጣታቸው እየዳሰሱ ነው የቆረጡት። ለኩላሊቱ ደም የሚያደርስ አንድ ሥር ምስሉ ላይ ሳይታይ ቀርቶ ኖሮ እሱን ለማዳን ረጅም ጊዜ ወስዶባቸዋል።

«ኩላሊትዎ ይሠራል» አለችኝ። «ካንሰሩም በሙሉ የወጣ ይመስለናል፤ የምርመራው ውጤት ሲመጣ እናውቃለን።»

«ኩላሊቱ እዚያው ነው?»

«እዚያው ነው። አላንቀሳቀስነውም።»

«ተዪው እንግዲህ፤ ለምዶታል» አልኳት። ያን ጊዜ ሳቀች። ውጤቱም ኋላ መጣ፤ ደኅና ነው፤ በየጊዜው መታየት አለብኝ።

ስለ ከረጢቱ ብዙ አልልም፤ ግን ትንሽ ልበል። ከእምብርቴ በስተግራ፣ እንደ ጽጌረዳ እንቡጥ ቀይ የሆነ የአንጀቴ ጫፍ ወጥቷል። ባለቤቴ መጀመሪያ ስታየው «ከፊትዎ ያምራል» አለችኝ። ከረጢቱን ራሴ እለጥፋለሁ፣ ራሴ እደፋለሁ። ከሁሉ የከፋው ሽታው አይደለም፤ ድምፁ ነው። የድሮው በር ይታዘዘኝ ነበር። ይሄኛው አይታዘዝም፤ በፈለገው ሰዓት፣ በፈለገው ሰው ፊት ይናገራል። አንድ ቀን ሁለት የተጣሉ ሰዎች ሳስታርቅ፣ «ሰው አፉን መግዛት አለበት» ስል ሆዴ መለሰልኝ። ታረቁ፤ በምን እንደታረቁ ግን አላውቅም።

አገሬ ስመለስ ሰው መንገድ ላይ እያስቆመ ይስመኛል። አንዱ ገበያ ላይ «አያ፣ እውነት አሁን ሲሞቱ ሁለተኛ ይደገሳል ወይስ በቀደመው ይያዛል?» አለኝ። «በቀደመው ይያዛል» አልኩት። «በክክ?» አለና እያዘነ ሄደ።

ቤተ ክርስቲያን ግን አልሄድኩም። አራት እሑድ «ቁስሉ አልጠገገም» አልኩ። በአምስተኛው ሳምንት የነፍስ አባቴ ራሳቸው መጡ።

«ቁስልህ ደረቀ?»

«ደርቋል አባ።»

«ታዲያ?»

ልብሴን ገልጬ ከረጢቱን አሳየኋቸው። አጎንብሰው አዩት። መነጽራቸውን አስተካክለው ደግመው አዩት።

«ይሄ ነው?»

«ይሄ ነው አባ። እንዴት ይዤው እገባለሁ?»

«ልጄ፣ ሁላችንም ይዘነው ነው የምንገባ። እኔ ራሴ ይዤው እቀድሳለሁ። ያንተ በውጭ ሆነ እንጂ ሌላ ምን አለው? አጥበህ፣ ባዶውን አድርገህ፣ ሸፍነህ ና።»

ደስ ሊለኝ ሲገባ ግራሩ ታወሰኝ። «ታዲያ አባ፣ ያንን ሽማግሌ ለምን ዝም አሉት? የጎረቤቴን አባት?»

መነጽራቸውን አወለቁ። «እኔን ማን ጠየቀኝ? በገዛ ፈቃዱ፣ ለትሕትና የቆመ መስሎኝ ነበር። እንዲያውም በስብከቴ አመስግኜዋለሁ።»

ሁለታችንም ወደ መሬት አየን። መስቀሉን አሳልመውኝ ሄዱ።

እሑድ ማልጄ ሄድኩ። በሩ ላይ እግሬ ተያዘ፤ ግን ገባሁ። ሦስተኛው ዓምድ አጠገብ ጎረቤቴ ቆሟል፤ ከዚያው ከዓምዱ ሥር ለብዙ ዓመት ጎን ለጎን ቆመናል። በራሱ ንቅናቄ ሰላም አለኝና ትንሽ ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀልኝ።

ቅዳሴው ተጋምሶ፣ ሕዝቡ ሁሉ እስትንፋሱን ወደያዘበት ቦታ ደረሰ። ዲያቆኑ እንኳ ጸጥ ብሏል። ያን ጊዜ ከረጢቴ ተናገረ። አጭር አልነበረም። የጀመረውን ጨረሰ። ፊት ለፊታችን ያለ ሽማግሌ አንገቱን ወደ ኋላ ሊያዞር ጀምሮ ተወው። ደሜ ጆሮዬ ድረስ ወጣ። ልወጣ መቋሚያዬን ነቀልኩ።

ጎረቤቴ ዓይኑን ከመጋረጃው ሳያነሣ፣ ከንፈሩን ብቻ እያንቀሳቀሰ «አያ» አለኝ፤ «የአባቴ ላስቲክ እኮ ድምፅ አልነበረውም።»

ቀልድ ይሁን ክስ አላወቅኩም። ሁለቱም ይመስለኛል። «አልነበረውም» አልኩት በሹክሹክታ። «አውቃለሁ።»

«ይቁሙ እንግዲህ፤ ገና አላለቀም» አለኝ።

መቋሚያዬን መልሼ ብብቴ ሥር አደረግኩና ቆምኩ።